መልስ፦ ጅቡቲ ሄዶ ዌል ሻርክ (በዓለም ትልቁን የዓሣ ዝርያ) ለማየት ምርጡ ወቅት የቱ ነው?

ወንድሜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂድ። ያን ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ አርታ ዳርቻ አካባቢ፣ የሚበሉት ፕላንክተን (በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ስለሚበዛ ወደ የብሱ ይጠጋሉ። አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከ3 እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው። ላይ ላዩን ስለሚመገቡ የጠላቂ አየር ጋን አያስፈልግህም፤ የዋና መነጽር፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይበቃል።

ውኃው ግን በፕላንክተኑ ምክንያት ይደፈርሳል። ብዙ ሰው ሳያስበው ከዓሣው ጋር የሚጋጨው ለዚህ ነው። ከጎኑ ዋኝ፤ ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቅ። ፊት ለፊቱ ከገባህ ወይም ውኃውን ካንቦጫረቅህ መብላቱን ትቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። መንካትና የካሜራ ፍላሽ ፈጽሞ አይሆንም።

ክፉኛ ከሚጎዷቸው ነገሮች አንዱ የጀልባ ሞተር ነው፤ ምላጩ ጀርባቸውንና ክንፋቸውን ይቆርጣል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ነጂው ራቅ ብሎ ሞተር እንደሚያጠፋ ጠይቅ። እያሳደደ የሚከብ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልግ።

በፀሐይ መከላከያ ቅባት ፋንታ እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ልበስ፤ አንዳንዱ ቅባት ኮራሉን ይጎዳል። ቀን ከተረፈህ የሙሻ ደሴትን ማንግሮቭ (በጨው ውኃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) እና ኮራል ሳታይ አትመለስ።