በ700 ዶላር የቱን ኮርቻ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። እኔና የ13 ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ የምንጋልባት አንዲት የኳርተር ሆርስ ዝርያ ባዝራ አለችን፤ 1,000 ፓውንድ ገደማ ትመዝናለች። ለዌስተርን (የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ዓይነት) ኮርቻ 700 ዶላር መድበናል። ኢንተርኔት ላይ በ350 ዶላር የሚሸጥ፣ ጌጡ የበዛ አዲስ ኮርቻ አይተናል። ጎረቤታችን ደግሞ ቴክሳስ የተሠራ፣ 20 ዓመት ያገለገለ ኮርቻቸውን በ550 ዶላር ሊሸጡልን ፈቅደዋል። ልጄ አዲሱን ወድዳዋለች። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸውን ፈተናዎች ካለፈ የጎረቤትዎን ይግዙ።

የዌስተርን ኮርቻ እንደ አገር ቤቱ ኮርቻ ሁሉ ውስጡ ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፤ ቆዳው ልብሱ ነው። «ትሪ» የሚሉት ይህ አጽም ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አሉት። ከፊት ቀንዱን (ወደ ላይ ብቅ ያለውን መያዣ) የተሸከመው ቅስት፣ ከኋላ መደገፊያው ያያይዟቸዋል። የጋላቢውን ክብደት ለጀርባዋ የሚያካፍሉት እነዚህ ሁለት እንጨቶች ናቸው። በደህና ኮርቻ ላይ እንጨቱ በጥሬ ቆዳ ወይም በፋይበርግላስ ተለብጦ ይጠነክራል። በ350 ዶላር ግን ጥሩ አጽም፣ ወፍራም ቆዳና ያን ሁሉ ጌጥ ማግኘት ዘበት ነው። የሚጎድለው ደግሞ ሁልጊዜ ዓይን ከማያየው በኩል ነው። ጠማማ አጽም በምንም ዓይነት ፓድ (ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ ድልዳል) አይቃናም፤ ባዝራዋን ይገጥባታል፣ ገጣባ ደግሞ ድኖም ነጭ ጠጉር ትቶ ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ጎረቤትዎ ኮርቻ። መጀመሪያ አጽሙ አለመሰበሩን ያረጋግጡ። ፊቱን ጭንዎ ላይ አስደግፈው መደገፊያውን በሁለት እጅዎ ይያዙና በኃይል ወደ ራስዎ ይሳቡት። ጤነኛ አጽም አይነቃነቅም። መቀመጫው መሐል ላይ ቆዳው ከተጨማደደ፣ ወይም ከውስጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከወጣ፣ አንዱ እንጨት ተሰብሯል። ቀጥለው በጎኑ አስተኝተው ሁለቱን እንጨቶች እርስ በርስ ይጫኗቸው፤ ከፊት በኩል ከተጠጋጉ ቅስቱ ተሰንጥቋል። ቀንዱንም ይወዝውዙት። እንዲተጣጠፍ ታስቦ የተሠራ አጽም ትንሽ ሊለጠጥ ይችላል፤ ይህ ግን ግራና ቀኝ እኩል ተለጥጦ ወዲያው ይመለሳል። አጽሙ የተሰበረ ኮርቻ በ50 ዶላርም አይገዛም።

ከዚያ ገልብጠው ሥሩን ይዩ። የበግ ጠጉሩ አንድ ቦታ ብቻ ከተበላ ኮርቻው ሚዛን የለውም ማለት ነው። የሆድ ማሰሪያው የሚንጠለጠልባቸው የብረት ቀለበቶች ከመደገፊያው ያላቸውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ግራና ቀኙ ከተለያየ ኮርቻው ሲጋለብ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። እርካቡን የተሸከመውን ቆዳ ወደ ታች ሳቡና እንጨቱን ተሻግሮ የሚያልፈውን፣ ሁልጊዜ ተደብቆ የሚኖረውን ክፍል አውጥታችሁ እጠፉት። ላይ ላዩን የሚታይ ቀጫጭን ስንጥቅ ድርቀት ነው፣ ዘይት ያቃናዋል። ጠልቆ የገባ ስንጥቅ ግን የሞተ ቆዳ ነው፤ ጋላቢውን ከነእርካቡ መሬት ላይ የሚጥለውም እሱ ነው። የሆድ ማሰሪያውን (ሲንች) እና ግራና ቀኝ የሚይዙትን ጠፍሮች ደህና ቢመስሉም ይለውጧቸው። ሦስቱ ተደምረው ከ100 ዶላር ብዙም አይርቁም፤ ከ700 ዶላርዎ የሚተርፈው ለዚህ ይሁን።

የሠሪውን ማኅተምም ያንብቡ። ሰርክል ዋይና ቴክስ ታን ከዮአከም፣ ቴክሳስ የወጡ የታወቁ ስሞች ናቸው። በቢሊ ኩክ ስም ግን ከሰልፈር፣ ኦክላሆማም ከግሪንቪል፣ ቴክሳስም የወጡ ኮርቻዎች ስላሉና ገበያው ለሁለቱ አንድ ዋጋ ስለማይሰጥ፣ ከስሙ ሥር ያለውን ከተማ ሳያዩ አይዋዋሉ።

አሁን ባዝራዋ ላይ፣ ያለ ፓድ። ኮርቻውን ጫንቃዋ ላይ ወደ ፊት አስቀምጠው ራሱ እስኪቀመጥ ድረስ ወደ ኋላ ያንሸራትቱት። የእንጨቶቹ ጫፍ ከትከሻ አጥንቷ ኋላ መዋል አለበት። በጫንቃዋና በቅስቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይግባ። እጅዎን በእንጨቱ ሥር ከፊት ወደ ኋላ ሲያሳልፉ ጫናው ወጥ መሆን አለበት። ፊትና ኋላው ነክቶ መሐሉ ክፍት ከሆነ ክብደቱ ሁሉ አራት ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ገጣባ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሻጮች ስለ ፊት ስፋቱ «ሰሚ (መካከለኛ) 6½ ኢንች፣ ፉል (ሰፊ) 7 ኢንች» ይላሉ። ቁጥሩ ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ የባዝራዋን ጀርባ እንጂ ቁጥሩን አይመኑ። በመጨረሻ በስስ ፓድ 30 ደቂቃ ጋልበው ያውርዱ። ላቡ ወጥ ከሆነ መልካም። በላብ የተከበበ ደረቅ ቦታ ካዩ እዚያ ላይ ጫናው በዝቷል፤ ኮርቻውን ይመልሱ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለጥቂት ቀን እንዲያስሞክሩዎ ጎረቤትዎን ይጠይቁ።

የመቀመጫው ልክ በእርስዎ ይሁን፣ በልጅዎ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለመካከለኛ አዋቂ 15 ኢንች ይበቃል፤ ተቀምጠው በሆድዎና በቅስቱ መካከል አራት ጣት ያህል ይቅር። ትንሽ ሰው ትልቅ መቀመጫ ላይ ይንሸራተት ይሆናል እንጂ ባዝራዋን አይጎዳም። ትልቅ ሰው ጠባብ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ግን ወደ መደገፊያው ተገፍቶ ክብደቱ ከኋላ ይወድቃል። እርካቡ ለልጅዎ እግር እስኪበቃ ድረስ የሚያጥር መሆኑን አስቀድመው ይለኩ። እርስዎና ኮርቻው ተደምራችሁ ከባዝራዋ ክብደት 20 በመቶ፣ ማለትም 200 ፓውንድ፣ ባታልፉ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ትከሻዬን ስለሚያመኝ የቆዳ ኮርቻ ማንሳት አልችልም። ከኮርዱራ (ጠንካራ የናይሎን ጨርቅ) የተሠራው ይሻለኛል?

መልስ፦ አዎ። የቆዳው 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሲመዝን የኮርዱራው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 22 ፓውንድ ነው፤ በውኃና በብሩሽም ይጸዳል። ቶሎ የሚያልቀው እርካቡ የሚፋተግበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆዳ ያለውን ይምረጡ። ፀሐይ ላይ አያውሉት፣ ናይሎኑ ይዳከማል። የአጽሙ ፈተና ለዚህም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ኮርቻዬ ጥሩ ነው፣ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበቴ ይቆረጥማል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመቀመጫው አይደለም። እርካቡ ከፈረሱ ሆድ ጋር ትይዩ ተንጠልጥሎ ሲቀር ጉልበትዎ እየተጠመዘዘ ይመልሰዋል። ከእርካቡ በላይ ያለውን ቆዳ ለብ ባለ ውኃ በደንብ ያርጥቡ። እርካቡን እግር ወደሚገባበት አቅጣጫ ያዙሩና በሁለቱም እርካቦች ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት አሳልፈው ቆዳው እስኪደርቅ፣ ሁለት ሦስት ቀን፣ እንዲሁ ይተዉት። ሲደርቅ ስስ ዘይት ይቀቡት። አንድ ጊዜ ካልያዘ ይድገሙት።