ቤተ ክርስቲያን የማይሄደው ጓደኛችሁ

ልጆቼ፣ ቢሮ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ከብዙ ዓይነት ሰው ጋር ኖሬአለሁ። እስቲ ስልካችሁን አውጡና ሰሞኑን የደወላችሁላቸውን ሰዎች እዩ። ከእነሱ መካከል ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ስንት አለ? ቢኖርም የሥራ ባልደረባ ነው፤ እሱም ለሥራ ጉዳይ።

ይህን ስል የምትመዙብኝን ጥቅስ አውቀዋለሁ፤ «ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል»። ልክ ነው። ግን ከምዕራፉ ጋር አንብቡት። 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ስለ ትንሣኤ ነው። እዚያ ጳውሎስን ያሳሰቡት ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ የዚያው ጉባኤ ሰዎች ናቸው። እዚያው ደብዳቤ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ከሴሰኞች ጋር አትተባበሩ ያልኩት የዚህን ዓለም ሰዎች አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ይገባችሁ ነበር ይላል። ምዕራፍ 10 ላይ ይቀጥልና፣ ያላመነ ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትፈልጉ የቀረበላችሁን ብሉ ይላቸዋል። ለካ የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ይጋበዙ ነበር! እኛን ማን ይጋብዘናል?

መጥራቱንማ እንችልበታለን። ለኮንፈረንስ፣ ለልዩ ፕሮግራም። ሰው ደግሞ ይነቃል። «እንገናኝ» ባላችሁት ቁጥር ጨዋታው የጉባኤ ጥሪ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ውሎ አድሮ ስልክ ማንሳት ይተዋል። እኔ አልፈርድበትም።

ኢየሱስ በቀራጩ በሌዊ ቤት ግብዣ ላይ እንግዳ ነበር። ዘኬዎስንም ዛፍ ላይ አይቶ ጠራውና ቤቱ በእንግድነት ገባ። ሳምራዊቷን ሴት ከሁሉ በፊት የጠየቃት ውኃ እንድታጠጣው ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ ሰጪ መሆን እንፈልጋለን። ሁልጊዜ የሚሰጥ ሰው ጋር ጓደኛ መሆን ይከብዳል፤ በረኞቹ ብዙ የሆነ አለቃ ይመስላል።

አንድ ባልደረባ አለኝ፤ የሃይማኖት ነገር ብዙም አይሆንለትም። ባለቤቴ ድንገት ቀዶ ሕክምና የገባች ሌሊት ኮሪደር ላይ አብሮኝ ያደረው እሱ ነው። ስለ እግር ኳስ ሲያወራኝ ቆየና «መጸለይ ካለብህ ጸልይ፣ ስልኩን ለእኔ ስጠኝ» አለኝ። ለሚደውለው ዘመድ ሁሉ እሱ ሲመልስ ነጋ። በኋላ ስለ እምነቴ መጠየቅ የጀመረው ራሱ ነው፤ አንዳንዱ ጥያቄው እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል። አሁንም ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። አሁንም ጓደኛዬ ነው።

እምነታችሁን አትደብቁ፤ ማስታወቂያም አታድርጉት። የማትጠጡ ከሆነ «አልጠጣም» በሉና ወደ ወሬው ተመለሱ፤ ማብራሪያ የጠየቃችሁ የለም። የልጅ ልደት ሲጠሯችሁ ሂዱ። ለቅሶ ላይ ስብከቱ ይቅርባችሁ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከመጠጥ ሱስ የወጣህ ልጅ ግን ለጓደኝነት ብለህ መጠጥ ቤት አትግባ፤ ጠዋት ሩጫ ላይ ተገናኙ። ድካማችሁን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ደግሞ እርዳታ ጠይቁ። ኮምፒውተር ተበላሽቶባችኋል? ቤት እየቀየራችሁ ነው? ከቤተ ክርስቲያኑ ልጆች በፊት ቤተ ክርስቲያን ለማይሄደው ጓደኛችሁ ደውሉለትና «ዕቃ አግዘኝ» በሉት።