ከርክክቡ በኋላ የሚቀር መሐንዲስ

ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዕድሜሽ ከታናሿ ልጄ ዕድሜ ጋር ስለሚቀራረብ «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ እንደማይከፋሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎች ያህል የጥያቄሽን ፍሬ ነገር ላስቀድም። የሲቪል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለተግባር ልምምድ በወጣሽበት አንድ መንደር ሴቶች በተበላሸ የእጅ ፓምፕ አጠገብ እያለፉ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አይተሽ፣ ከዚያ ወዲህ «ሙያዬን በሙሉ ለኅብረተሰብ አገልግሎት መስጠት እፈልጋለሁ» ትያለሽ። ሁለት መንገድ ቀርቦልሻል፤ አንዱ ፎቅ በሚሠራ ትልቅ ተቋራጭ ዘንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ሲሆን ሌላው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኪስ ገንዘብ ብቻ እየተሰጠሽ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ማገልገል ነው። አባትሽ ግን «ያስተማርንሽ ታናናሾችሽን እንድትደግፊ እንጂ በነጻ ከመንደር መንደር እንድትዞሪ አይደለም» ብለዋል። ማስተርስ ልቀጥል ወይ፣ ሴት ሆኜ በግንባታ ቦታ እከበር ይሆን ወይ የሚሉ ጥያቄዎችም አሉሽ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ደግሞ የአንዲት አነስተኛ ከተማ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ጀማሪ መሐንዲስ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ማየትሽን እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ፣ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሥራውም የተሰበረ ቧንቧ መጠገን ስለሆነ እንደ አማራጭ አልቆጠርኩትም» ብለሻል።

አብዛኛው መልሴ ስለዚያ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ይሆናል።

ስሜትሽ ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ልቀበለው ያልቻልኩት በደብዳቤሽ ከዳር እስከ ዳር የሚታየውን አንድ ግምት ነው፤ ይኸውም ማገልገል ማለት ያለ ክፍያ መሥራት ነው፣ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ተቀጣሪ እንጂ አገልጋይ አይባልም የሚለውን ነው። አባትሽም ሳያስቡት ይህንኑ ግምት ይጋሩሻል፤ የምትለያዩት አንቺ መሥዋዕትነቱን ስለወደድሽው፣ እርሳቸው ደግሞ ስለፈሩት ብቻ ነው። ያ መንደር ግን የመሐንዲስ መሥዋዕትነት አልቸገረውም። የቸገረው ፓምፑ ሲቆም ማንን እንደሚጠራ አለማወቁ ነው።

ይህን የምልሽ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ተመርቄ ስወጣ መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ ተቋራጭ ዘንድ ሲሆን፣ በሁለተኛው ዓመቴ ከተራራ ላይ ምንጭ ተጠልፎ በራሱ ስበት ወደ ታችኛው መንደር የሚወርድ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተመደብኩ። በምንጩና በመጨረሻው ቦኖ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 95 ሜትር ያህል ነበር። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት እንደሚያሳድር ተምረሻል፤ ስለዚህ ውሃው በቆመ ጊዜ በታችኛው መስመር ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ9 ባር ይበልጣል። ንድፉ ይህን ተረድቶ መንገድ መሐል ላይ ግፊቱን የሚሰብር ትንሽ ታንከር አስቀምጦለት ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ታንከሩ «በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል» ተብሎ ቀረ፤ 6 ባር ብቻ የሚችለው ቧንቧም እንዳለ ተቀበረ። እኔም አልተከራከርኩም። በርክክቡ ዕለት ሕዝቡ ተሰብስቦ ቦኖዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ፤ ውሃ ሲፈስ ግፊቱ በመንገዱ ላይ ስለሚቀንስ ቧንቧው ምንም አልሆነም። እልልታው መሐል ፈረምኩና ወደ ሌላ ሳይት ሄድኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ፣ የመስመሩ ጥበቃ የሆኑ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ ታችኛው መስመር ወሰዱኝ። ቧንቧው ከመሬት ወጥቶ ይታያል፤ በየመጋጠሚያው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በሽቦ ተጠፍሮበታል። 11 ቦታ ቆጠርኩ። «ቀን ደህና ውሎ የሚፈነዳው ሌሊት ነው፤ ምን እንደሚነካው አላወቅንም» አሉኝ። የሚነካው ነገር አልነበረም። ማታ ሰው ሁሉ ቦኖውን ዘግቶ ሲተኛ የውሃው ፍሰት ይቆማል፤ ፍሰቱ ሲቆምም ሙሉው የ95 ሜትር ክብደት ታችኛው መጋጠሚያ ላይ ይጫናል። እኒያ አዛውንት ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ሽቦ ሲጠመዝዙ የኖሩት ይህን የሚነግራቸው አንድ ባለሙያ በአጠገባቸው ስላልነበረ ነው። ሴቶቹ ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመልሰው ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ታንከርና በውስጡ ያለ አንድ ተንሳፋፊ ቫልቭ ብቻ ነበር።

ተቋራጩን ለቅቄ ወደ ከተማ ውሃ አገልግሎት የገባሁት በዚያው ዓመት ነው፤ 19 ዓመት ቆየሁበት።

እንግዲህ የአንድ ዓመቱን በጎ ፈቃድ በዚህ ዓይን ተመልከችው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ታያለሽ። የውሃ ተቋም ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት፣ ምንጩ ሲደክም፣ ውሃ እንዳያመልጥ የሚይዘው ላስቲክ (ጎሚኒው) ሲያልቅ፣ የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሲለወጥ ነው። በዚያን ጊዜ አንቺ ሄደሻል፤ በአንቺ ቦታ የመጣው አዲስ ወጣትም የመንደሩን ሰዎች ሰብስቦ አንቺ የጠየቅሻቸውን ጥያቄዎች እንደገና ከመጀመሪያ ይጠይቃቸዋል። ድርጅቱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ገና ሙያውን ያልጨበጠ ተመራቂ፣ ለሚሠራው ሥራ ተጠያቂ የማይሆንበት አጭር ጊዜ ተሰጥቶት ሲሄድ፣ ከመንደሩ ይልቅ የሚጠቀመው ራሱ ተመራቂው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደግሞ አገልግሎት ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

የሙያችን ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የበጋ ወራት ለንደን ከቴምዝ ወንዝ በሚወጣው የፍሳሽ ግማት ስትታፈን፣ ከተማዋን የሚገላግል የፍሳሽ መስመር የዘረጋው ጆሴፍ ባዛልጄት የከተማው የሥራዎች ቦርድ ደመወዝተኛ ዋና መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ ከ5000 በላይ ሰው የጨረሰው በዋነኛነት አዲሱ መስመር ገና ባልተጠናቀቀበት በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ነበር፤ መስመሩ በደረሰበት በሌላው ክፍል ግን እንደ ቀድሞው አልበረታም። ባዛልጄት በዚያ ወንበር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1856 ቦርዱ እስከፈረሰበት እስከ 1889 ድረስ 33 ዓመት ቆይቷል። በየወሩ ደመወዙን እየተቀበለ የስንት ሺህ ሕፃናትን ነፍስ እንዳዳነ ሳስብ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቷን ማስታወቂያ ያለፍሽበት ዐረፍተ ነገር ይቆጨኛል።

ያየሽውን የተበላሸ ፓምፕም እናንሣ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያለውን ጊዜ የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና ዐሥርት ብሎ ሲያውጅ በየአገሩ ብዙ የእጅ ፓምፕ ተተከለ፤ ብዙውም ቆሞ ቀረ፤ ምክንያቱም ጥገናው መኪና፣ ከባድ መሣሪያና ከሩቅ የሚመጣ ቡድን ይፈልግ ነበር። በዚያው ዐሥርት በማላዊና በኬንያ የተሠራው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ የተለየው ዋናውን ቧንቧ ከጉድጓዱ ሳያወጡ፣ ከአንድ መፍቻ ብዙም በማይበልጥ መሣሪያ፣ ፒስተኑንና የታችኛውን ቫልቭ መዝዞ ማውጣት የሚቻል በመሆኑ ነው። ያንን የነደፉ መሐንዲሶች ገና ወረቀት ላይ ሳሉ ፓምፑን የምትጠግነውን የመንደር ሴት አስበዋታል። ያም ሆኖ የፒስተኑ ጎሚኒ ያልቃል፤ መለወጫውን የሚያስቀምጥና የሚያቀርብ መጋዘን ከሌለ ብልሃተኛው ፓምፕም ይቆማል። ያን መጋዘን የሚይዘው ማስታወቂያውን ያየሽው ዓይነት ትንሽ የውሃ መሥሪያ ቤት ነው።

ወደ አባትሽ ልመለስ። በአክብሮት፣ ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። መጠንና ማብቂያ የሌለው የቤተሰብ ዕዳ ልጅን ዕድሜዋን ሙሉ ያስገብራል፤ አባትሽም ይህን የሚፈልጉ አይመስለኝም። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ከእርሳቸው ጋር ተቀመጪና የታናናሾችሽ ትምህርት በወር ስንት እንደሚፈጅ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከዚያም ውስጥ የአንቺ ድርሻ ስንት እንደሆነ በቁጥር ጻፉት። ብዙ ጊዜ «ቤተሰቡን ተሸከሚ» የሚለው ቃል በቁጥር ሲጻፍ ሰው ከፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ለአንቺም የምለው አለ፤ የቤት ኪራይሽን አባትሽ እየከፈሉ አንቺ «ሕዝብ እያገለገልኩ ነው» ብትዪ፣ እያገለገሉ ያሉት አባትሽ ናቸው። በዚህ ነጥብ ላይ እርሳቸው ትክክል ናቸው።

ቁጥሩ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ከሆነ ወደ ተቋራጩ ብትሄጂ ከሐሳብሽ አፈገፈገች ብዬ አልታዘብሽም። ነገር ግን ፎቁ ላይ ከሚመድቡሽ የመንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ወይም የውሃ መስመር ሥራ ካላቸው እዚያ እንዲመድቡሽ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ የምትወጪበትንም ዓመት ከመግባትሽ በፊት ጻፊው። ሦስት ዓመት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ደመወዙ ሰውን እንደሚያስር ብዙ ጓደኞቼ ላይ አይቻለሁ።

ስለ ማስተርስ፦ አሁን አትቸኩዪ፤ ሜዳ ላይ መልስ ያጣሽለት ጥያቄ ሲኖርሽ ትሄጃለሽ፣ እስከዚያው የሙያ ፈቃድሽን አውጪ። ስለ ሴትነትሽ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈትኑሻል፣ አልዋሽሽም። ኮንክሪት ሊፈስ ሲል ራሷ ወርዳ በብረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር የምትለካንና ስህተት ስታገኝ ሥራ የምታስቆምን መሐንዲስ ግን ፎርማኖች ቶሎ ያከብሯታል። ነውር የሚፈጽምብሽ ሰው ቢኖር ቀኑን ጠቅሰሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ካልሰሙሽ ልቀቂ።

የውሃ መሥሪያ ቤቱን ሥራም ላሳምርልሽ አልፈልግም። ስልክ ሌሊት ይደወላል፤ የመለዋወጫ ግዥ ወራት ይፈጃል፤ ውሃ ሲመጣ የሚያመሰግንሽ የለም፣ ሲጠፋ ግን ስምሽን የማያነሣ የለም። ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት ወደ መጨረሻው ቦኖ ሄደሽ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድተሽ፣ የመመርመሪያውን ክኒን ስትጨምሪበት ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል። ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን በሊትር እዚያ ድረስ መድረሱን ያ ቀለም ይነግርሻል፤ ከዚያ ቦኖ የሚጠጡት ልጆች በዚያን ዕለት ከምን እንደተጠበቁ የምታውቂው ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ቀን ሮዝ ሳይሆን ይቀራል፤ ያን ቀን መስመሩን እየተከተልሽ ወደ ላይ ትወጪያለሽ። በ19 ዓመት ውስጥ ይህ ሥራ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ማስታወቂያው የሚዘጋው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው ብለሻል። ከማመልከትሽ በፊት አንድ ቀን ወስደሽ እዚያው ሂጂ። የጥገና መዝገቡን አሳዩኝ በዪ፤ ባለፈው ወር ስንት ስብራት እንደተጠገነና የትኛው መስመር ደጋግሞ እንደተሰበረ ቁጠሪ። መጋዘኑ ውስጥ ገብተሽ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለ እዪ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ፈልገሽ የከተማዋ የቧንቧ መስመር ፕላን የት እንዳለ ጠይቂው። ወረቀት አውጥቶ ካሳየሽ ተቀምጠሽ አብረሽው አንብቢ። «እኔ ጋ ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ» ካለሽ ደግሞ መቼ ጡረታ እንደሚወጣ ጠይቂውና ማመልከቻሽን በዚያው ዕለት አስገቢ።