መልስ፦ የሰው ጉልበት መርከሱ ብቻውን ባለሀብት አያመጣም

ጤና ይስጥልኝ። «ቡሬ ላይ የሰው ጉልበት ርካሽ ሆኖ ሳለ የውጭ ባለሀብት ለምን አይጎርፍም?» ብለው ላነሡት ጥያቄ፣ በእኔ እምነት ዋናው መልስ ያለው ከደመወዙ ይልቅ የውጭ ምንዛሪው ላይ ነው። ባለሀብቱ ፋብሪካ ከመትከሉ አስቀድሞ የሚያሰላው በብር ያተረፈውን በዶላር ለውጦ ወደ አገሩ መውሰድ መቻሉን ነው፤ ሕጋችን ይህን ከድሮም ቢፈቅድም፣ ዶላሩ ከባንክ እንደልብ ስለማይገኝ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ ይህም አዲስ ለሚገባ ካፒታል ሲያመች፣ ቀድሞ በብር ያከማቸውን ግን ክፉኛ ጎድቶታል።

ሌላው የማጓጓዣ ወጪ ነው። ከቡሬ የተነሣ ዕቃ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደው ከባድ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ የሚፈጀውን ነዳጅ ያየ ሰው፣ ጅቡቲ ገና ሩቅ መሆኗን ሲያስብ፣ ከደመወዝ የተቆጠበው ገንዘብ የት እንደሚቀር ይረዳል። ሰላምና የገበያ ስፋትም ይመዘናሉ፤ ለዚህም ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት ዕድል፣ ስታስወጣ ልብስ አምራቾች ወዲያው የተናጡት።