ፕላኑ ላይ የማይታየው ወጪ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንድ ወጣት ባልና ሚስት አቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ወደጀመሩት ቤት ወሰዱኝ። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ጂ ፕላስ ዋን የምንለው። ፕላኑ ያምራል። ልጅቷ የኩሽናውን ካቢኔ ቀለም ሳይቀር መርጣ ስልኳ ላይ ይዛዋለች። እኔ ግን ዓይኔ ጉድጓዱ ላይ ቀረ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ተቆፍሮም አፈሩ ገና ጥቁር ነው። ከላይ እስከ ታች ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዷል። አንድ ጓል አነሳሁ፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከያዝኩት ውሃ ጠብ አድርጌ ሳሸው እንደ ሊጥ መዳፌ ላይ ተለጠፈ።

"ለመሠረት ስንት መደባችሁ?" አልኩ። ልጁ የነገረኝ ብር ቦታው ደህና ቀይ አፈር ቢሆን እንኳ የሚያጥር ነበር።

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ሳይት ላይ ውያለሁ። የቤት ሠሪ ብር የት ያልቃል ብትሉኝ፣ ፕላኑ ላይ በማይታየው ነገር እላችኋለሁ። ከዚያም ውስጥ ትልቁ ከእግራችሁ በታች ያለው ነው።

ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቤቱን በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ወለል የሚሰነጠቀው፣ በር አልዘጋ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። መፍትሔው ይታወቃል። አፈሩን አውጥቶ መጣል፣ በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር መሙላት፣ በየንብርብሩ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ ነው። ወጪውን ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። 10 በ10 የሆነ ቤት 1.5 ሜትር ቢቆፈር 150 ሜትር ኩብ ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ይፋፋል፤ ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ ወደ 187 ይጠጋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 12 ምልልስ ማለት ነው። ይሄ ለመጣል ብቻ ነው። የሚሞላው ደግሞ በተራው በመኪና ይመጣል። ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድም ከምትሞሉት ቦታ አስበልጣችሁ ነው የምትገዙት። ቆፋሪው ዋጋውን በሜትር ኩብ ሲነግራችሁ "በጉድጓዱ ልክ ነው ወይስ በመኪናው?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚች ጋ ነው።

እንጦጦ ሥር ዳገት ላይ ቦታ ያላችሁም እንዳትዘናጉ። አፈሩ ደህና ቢሆን እንኳ ዳገቱ የድጋፍ ግንብ ይጠይቃችኋል። አንዳንዴ ግንቡ ብቻ የአንድ ፎቅ ወጪ ይበላል።

ከመሬት በላይ ያለው ድብቅ ወጪ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመጣው። ባህር ዛፍ፣ ጣውላ፣ ሚስማር፤ ሥራው ሲያልቅ ግማሹ ለማገዶ የሚሆን። ፌሮ የሚመጣው 12 ሜትር ሆኖ ነው። 3.5 ሜትር ቁራጭ ከፈለጋችሁ ሦስት ይወጣውና 1.5 ሜትር ትራፊ ይቀራል፤ ሒሳቡን ግን ለ12ቱም ትከፍላላችሁ። ውሃ ባልገባበት ሰፈር በቦቴ ነው የሚቀዳው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላም ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ይሄን ውሃ የሚቆጥብ ሰው አያለሁና ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሲሚንቶውን በውድ ገዝቶ ጥንካሬውን ራሱ ያባክነዋል። ሴፕቲክ ታንክ፣ አጥር፣ የግቢ በር፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ እስከ ገመዱና ቧንቧው፣ ሁሉም ብር ናቸው።

ጊዜም ወጪ ነው። ይሄን በራሴ አይቻለሁ። የራሴን ቤት በ1994 ስጀምር ለፎቁ ሶሌታ፣ ማለትም ለኮንክሪት ወለሉ የያዝኩት ብር መሠረቱ ላይ አለቀ። ኮለኑ፣ ማለትም ምሰሶው ብቻ ቆሞ ሥራው ተቋረጠ። 14 ወር። በየወሩ ለጥበቃው እከፍላለሁ፣ ለምኖርበት ቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ አንድ ብሎኬት ግን አልተደረደረም። ክረምቱ አልፎ ስመለስ ፌሮው ዝጎ ነበር፤ በሽቦ ብሩሽ አንድ በአንድ አስፈገፈግኩት። ባለቤቴ ያን ጊዜ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዋጋ ደግሞ አይጠብቃችሁም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ፊኒሺንግ ላይ የደረሱ ስንቶች ባሉበት ቆሙ። ሴራሚኩ፣ ሳኒተሪው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ አሉሚኒየሙ ብዙው ዶላር ያለበት ነው። በጥር የተሠራ ቢኦኪው፣ ማለትም የሥራና የዋጋ ዝርዝር፣ ለነሐሴ አይሆንም። በየሦስት ወሩ ዋጋውን አድሱት።

ውጭ አገር ሆናችሁ ብር የምትልኩም አላችሁ። ወንድም ወይም አጎት ያሠራላችኋል። ስለ መተማመን አላወራም፤ ስለ ይሉኝታ ነው የማወራው። መጀመሪያ የነገራችሁ ግምት ሲያልፍ "ጨምሩልኝ" ማለት ያፍራል። ሲያፍር ደግሞ ከማይታየው ይቀንሳል፣ ከፌሮው፣ ከሙሊቱ። ስለዚህ እሱ ሳይጠይቅ እናንተ ቀድማችሁ "የመጠባበቂያ ብር አለ፣ መሠረቱ ላይ አትሳሳ" በሉት። ቤታችሁን የምታድነው ይህቺ ስልክ ናት።

እኔ ለሰው ስገምት ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ አስይዛለሁ። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ወይም ቦታው ዳገት ከሆነ 20። ይሄ ብር የተሻለ ሴራሚክ መግዣ አይደለም። በሌላ የባንክ ደብተር ይቀመጥ። ለአፈር ምርመራና ለስትራክቸር መሐንዲስ የምትከፍሉት ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ገና ፕላን ሳታሠሩ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዛችሁ ሁለት ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፍሩና መሐንዲሱን አምጥታችሁ አሳዩት።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ያን ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ልጁ ዝም አለ። "ፎቁን ለጊዜው እንተወው" ያለችው እሷ ናት። መሠረቱን ለምድር ቤቱም ለፎቁም በሚበቃ መጠን ጨርሰው ምድር ቤቱን ብቻ ሠሩ። ለፎቁ የተተወው የኮለን ፌሮ እንዳይዝግ ስስ ኮንክሪት ተለብሶ ጣሪያው ላይ ቆሟል። በመስከረም ገቡበት። የኩሽናው ካቢኔ ገና አልተገጠመም፤ ዕቃው በካርቶን ነው ያለው። ክረምቱን ግን ወለሉ ላይ አንድ ስንጥቅ አልታየም።