«አፌ ሳይፈታ ልላክ ነው»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ለወንጌል አገልግሎት ወደ ታንዛኒያ ልላክ ስለሆነ ከመሄዴ በፊት የ9 ሳምንት የስዋሂሊ ስልጠና እየወሰድኩ ነው። አራተኛውን ሳምንት ጨርሻለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ምስክርነታቸውን ሸምድደው ያለ ወረቀት ይናገራሉ፣ ይጸልያሉ። እኔም ዮሐንስ 3፥16ን በስዋሂሊ በቃሌ እወጣዋለሁ። ግን አስተማሪያችን ከመጽሐፉ ወጣ ብላ «ትናንት ማታ ምን ሠራህ?» ስትለኝ ድርቅ እላለሁ። አንድ ወንድም «አትጨነቅ፣ መንፈስ ቅዱስ አፍህን ይፈታዋል» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ቋንቋ የማይሆንለት ሰው አለ፣ አስተርጓሚ ይዘህ ሥራ» ይለኛል። አሁን አሁን ጥሪዬን ራሱ መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ላዘግየው ወይስ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂድ። መጀመሪያ ይህን ልበልህና ልቀጥል።

አራት ሳምንት ተምረህ ያልጠበቅከው ጥያቄ ቢያደርቅህ የአራት ሳምንት ተማሪ ነህ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ ስዋሂሊን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲያውቅ 36 ሳምንት ገደማ ይመድብለታል፤ ያውም ሥራው ቋንቋ መማር ብቻ ሆኖ። የአንተ 9 ሳምንት የዚያ ሩብ ነው። ብዙ ወጣት ሚሲዮናውያንን በማሰልጠን የሚታወቁት ሞርሞኖችም አሜሪካ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ በሚባል ከተማ ከ50 በላይ ቋንቋ የሚያስተምሩበት ማዕከል አላቸው። እዚያም አዲስ ቋንቋ የሚማሩት ልጆች የሚቆዩት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሳምንት ነው። ቋንቋውን ጨርሶ የሚወጣ የለም። የቀረውን ከሰው ጋር እየኖሩ ነው የሚማሩት። ስለዚህ አንተም ጨርሼ ልሂድ ካልክ መቼም አትሄድም።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ድርቅ ማለትህ ሳይሆን በቃልህ የያዝከው ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እኔም በአንተ ዕድሜ በኬንያ የባሕር ዳርቻ አገልግያለሁ። ስሄድ ምስክርነቴን በስዋሂሊ አሳምሬ ይዤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጠና ያሉ እናት ቤት ገባንና ያን የሸመደድኩትን አንድም ቃል ሳላጎድል ተናገርኩ። ውስጡ «የሱ አሊኩፋ» የሚል አለ፣ «ኢየሱስ ሞተ» ማለት ነው። እናትየው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እሳቸው መናገር ጀመሩ። ረጅም ተናገሩ። መሃል ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ እኔም በወንጌሉ የተነኩ መስሎኝ ፈገግ አልኩላቸው፣ አንገቴንም ነቀነቅኩ። ማታ አብራኝ የነበረችው የአገሩ ልጅ ነገረችኝ፦ ሴትየዋ ይነግሩኝ የነበረው ባለፈው ዓመት ባሕር ስለወሰደው ልጃቸው ነው። «አሊኩፋ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ብለውታል። እኔ ራሴ ከደቂቃዎች በፊት የተናገርኩት ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ጆሮዬ አላወቀውም።

ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አፌ ሠልጥኖ ጆሮዬ አልሠለጠነም ነበር። ሸምድደህ አሳምረህ ስትናገር ሰሚህ ቋንቋውን የምታውቅ ይመስለዋል፣ በሙሉ ፍጥነቱ ይመልስልሃል፣ ልቡንም ይከፍትልሃል፣ አንተ ግን እዚያ የለህም። ከዚህ ሁሉ እየተኮላተፍክ መጥተህ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ብትል ይሻላል።

ሕፃን ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት ስንት ወር ዝም ብሎ ይሰማል! በብዙ ሚሲዮናውያን ዘንድ የሚሠራበት የግሬግ ቶምሰን የቋንቋ ትምህርት ዘዴም የሚነሳው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ 100 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰዓታት መስማት ብቻ ናቸው። ተማሪው እንዲናገር አይጠየቅም። አስተማሪዋ «ቁም፣ ተቀመጥ፣ ኳሱን አንሳ፣ ለእህትህ ስጣት» ትላለች፣ ተማሪው ያደርጋል። ሥዕል ታሳየዋለች፣ ይጠቁማል። ቀላል ይመስላል፣ ግን በዚህ መንገድ የገባ ቃል ሰው ሲናገረው ታውቀዋለህ።

ስለዚህ በቀሩህ አምስት ሳምንታት እንዲህ አድርግ። አስተማሪህን በቀን አንድ ሰዓት ከመጽሐፉ ውጭ እንድትሰጥህ ለምናት። በዚያ ሰዓት እሷ ትናገር፣ አንተ ስማና አድርግ። ፈቃድ ጠይቀህ ድምፅዋን በስልክህ ቅዳው፣ ማታ መልሰህ ስማው፤ አዲስ ነገር ከመጨመር ይልቅ ያንኑ አራት አምስቴ ስማ።

ደግሞ ያቺን የምታደርቅህን ጥያቄ አትሽሻት። በየቀኑ እንድትጠይቅህ አድርግ። «ኒሊ» ብለህ ስትጀምር «እኔ» እና ያለፈው ጊዜ ሁለቱም አብረው መጡልህ፦ ኒሊሶማ፣ አነበብኩ። ኒሊፒካ፣ ምግብ ሠራሁ። ኒሊኦምባ፣ ጸለይኩ። ኒሊላላ፣ ተኛሁ። ትናንት ማታ ያደረግከው ከዚህ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ አንድ ግስ ጨምር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ትናንት ማታ ማውራት ትጀምራለህ።

አማርኛ ተናጋሪ በመሆንህ ደግሞ ሳታውቀው የያዝከው ስንቅ አለ፣ ይህን ማንም ያልነገረህ ይመስለኛል። እኛ «ነገርኩህ» ስንል በአንድ ቃል ውስጥ ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን እንጠቀልለዋለን። ስዋሂሊም «ኒሊኩአምቢያ» ይላል፣ አንድ ቃል ነው፣ ያው «ነገርኩህ» ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋር ላብ ያልበዋል፣ አንተ ግን አፍህን የፈታህበት ቋንቋ አለማምዶሃል። ስዋሂሊ ከዐረብኛ ብዙ ቃል ስለወሰደ፣ ዐረብኛና አማርኛም ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ የምታውቃቸው ቃላት ፊታቸውን ትንሽ ቀይረው ይጠብቁሃል። ዳሙ ደም ነው። ማላይካ መልአክ ነው። ኢማኒ እምነት፣ ሳባ ሰባት። ሰዓታቸው ራሱ እንደ እኛው ነው የሚቆጠረው፤ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ሲሉህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ሌላው ዓለም 7 የሚለው።

የሚያደናቅፍህም አለ። ስዋሂሊ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፣ የእኛ «ኧ» የለችውም። ዓረፍተ ነገሩ «ሙንጉ አናቱፔንዳ» ነው፣ «እግዚአብሔር ይወደናል»። ችኩል ብለህ «ፔ»ን «ፐ» ካደረግካት ሰሚው «አናቱፓንዳ» ብሎ ሊሰማ ይችላል፣ እሱ ደግሞ «ይተክለናል» ወይም «ይወጣብናል» ነው። ስለዚህ አናባቢዎቹን ሞላ አድርገህ ጥራ። ሌላው ምላስን በጥርስ መሃል አድርጎ የሚነገረው ድምፅ ነው። ኃጢአት ማለት የሆነው ቃል በዚህ ድምፅ ይጀምራል፣ እኛ ግን «ዛምቢ» ብለን እናልፈዋለን። በየቀኑ የምትጠቀምበት ቃል ነውና መስታወት ፊት ቆመህ ተለማመደው።

ስሞቹን ብቻቸውን አታጥና። ኪታቡ ኪዙሪ፣ ጥሩ መጽሐፍ። ቪታቡ ቪዙሪ፣ ጥሩ መጻሕፍት። ምቱ ምዙሪ፣ ጥሩ ሰው። ዋቱ ዋዙሪ፣ ጥሩ ሰዎች። ቅጽሉ የስሙን ፊት ተከትሎ ይቀየራል፣ ሕጉን ከመሸምደድ ስሙን ከቅጽሉ ጋር እንደ አንድ ቃል አድርገህ ብትይዘው ይቀላል።

አክብሮትም አለ። እኛ «ይቀመጡ» ብለን ግሱ ላይ እናስቀምጠዋለን። እነሱ «አንተ»ና «እርስዎ» ብለው ግስ አይለዩም፣ አክብሮቱ ያለው ሰላምታው ላይ ነው። በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው ስታገኝ «ሺካሞ» በል፣ «ማራሃባ» ይሉሃል። ይህችን አንድ ቃል እንዳትረሳ፣ አደራ።

ወንድምህ ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለህን አልንቀውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የተጻፈውን አምናለሁ። ግን ከእኛ በፊት የሄዱትን እይ። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) የገባው እ.ኤ.አ. በ1813 ነው፣ የመጀመሪያውን የበርማ ተወላጅ ያጠመቀው በ1819። መሃል ላይ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው ከአስተማሪ ጋር ቁጭ ብሎ ቋንቋ መማር ነበሩ። የአንተን መንገድ ቀድሞ የሄደውን ደግሞ ላስታውስህ። ጀርመናዊው ዮሃን ሉድቪግ ክራፕፍ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ ሸዋ ከቆየ በኋላ፣ ወደዚያ መመለሱ ሲዘጋበት እ.ኤ.አ. በ1844 ሞምባሳ ገባ። በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት። እሱ ግን ስዋሂሊውን አልተወውም። የቋንቋውን ሰዋስው በ1850 አሳተመ፣ መዝገበ ቃላቱ የታተመው ደግሞ እሱ ካረፈ በኋላ በ1882 ነው። እንግዲህ ከአማርኛ ወደ ስዋሂሊ የተሻገረው ሰው ዕድሜውን ሰጥቶታል። አንተ የአራት ሳምንቱን በጥሪህ ላይ ምስክር አታድርገው። ጸልይ፣ ግን ጸሎትህ ትዕግሥትና ጆሮ ስጠኝ የሚል ይሁን።

አስተርጓሚውን በተመለከተ፣ ለስብሰባ ይጠቅማል። ለሐዘን ቤት ግን አይሆንም። እኚያ እናት ዘንድ በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ «ፖሌ ሳና» አልኳቸው፣ «በጣም አዝናለሁ» እንደማለት ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነበረኝ። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ከዚያ በኋላ ስዋሂሊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን የተልእኮ ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። አንዳንዶቻችን «ቋንቋ እዚያው ይማረዋል፣ ቅድመ ስልጠናው ይቅር» እንላለን። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ስልጠናውን አትቁረጡት። ድምፆቹን፣ ሰላምታውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰው እንዴት እንደሚማር የሚለምደው ማንም በማይቸኩልበትና ስህተቱ ማንንም በማያስቀይምበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፉኛ የለመደው አነጋገር በኋላ ቶሎ አይለቅም።

ግን እናንተ የምትረሱት ሌላ ነገር አለ፣ እሱም ከደረሰ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ልጁ በገባ በወሩ «ስንት ሰው አገኘህ? ሪፖርት ላክ» ካላችሁት ቋንቋውን ትቶ ወደ አስተርጓሚ ይሮጣል፣ አስተርጓሚው ላይ የተደገፈ ደግሞ ከዚያ መላቀቅ ይከብደዋል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራው ቋንቋ ነው ብላችሁ በጽሑፍ ስጡት። በየወሩ ስትደውሉም «ከማን ጋር ስታወራ ከረምክ?» በሉት። ሌላም ልጨምር፣ በየማታው ለሰዓታት በአማርኛ አታዋሩት። ናፍቆቱ ይገባኛል፣ ቤተሰቡም ይናፍቃል፣ ነገር ግን ማታው ሁሉ አማርኛ ከሆነ ጆሮው እዚህ ነው የሚቀረው። በሳምንት የተወሰነ ቀን ቢሆን ለሁላችሁም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ታንዛኒያ ውስጥ ከ120 በላይ ቋንቋ አለ ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ስዋሂሊ ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ለመጀመር ይበቃል። ስዋሂሊ የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ ነው፣ ሱኩማውም ሃያውም ቻጋውም ማሳዩም በእሱ ይግባባል። ለብዙዎቹ ግን እናታቸው ያናገረቻቸው ሌላ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ስዋሂሊውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አጥብቀህ ያዝ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብትጀምር ይደባለቁብሃል። ከዚያ የምትኖርበት መንደር ሰው ሲያዝንና ሲጸልይ በምን ቋንቋ እንደሆነ ልብ በል። ሁለተኛ የምትማረው ቋንቋ እሱ ነው። ያኔ ደግሞ አስተማሪዎችህ ጎረቤቶችህ ይሆናሉ፣ የምትጠይቃቸውም በስዋሂሊ ነው።