ናሙናው ሳይታጠብ ሜትር አታንሺ

ከሱሉልታ ለጠየቅሽው እህቴ፦ «ለልኬት በሠራሁት ትንሽ ናሙና ላይ በ5 ሳ.ሜ. ውስጥ 11 ዓይን ቆጠርኩ፣ የ8 ዓመት ልጄ ደረቱ ዙሪያውን 64 ነው፣ ሹራቡን በስንት ዓይን ልጀምር?» ብለሻል። በዚህ ናሙና ከሆነ አትጀምሪ።

1. 5 ሳ.ሜ. ያንሳል። እዚያ ላይ ግማሽ ዓይን ብትስቺ ደረቱ ዙሪያ ላይ ከ3 ሳ.ሜ. በላይ ይሆናል። በዚያው ክርና በዚያው መርፌ 30 ዓይን ጀምረሽ ቁመቱም 15 ሳ.ሜ. እስኪሞላ ሥሪ። ጠርዙ ስለሚጠቀለል የምትለኪው መሐሉን 10 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። አንድ ዓይን፣ ማለትም አንዱ የክር ቀለበት፣ ሁለት እግር አለው፤ ሁለቱን እግር አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ግማሽ ከተረፈ ግማሹንም ጻፊው፣ «ይሁን» ብለሽ አትለፊው።

2. እጠቢው። ብዙ ሹራብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሱፍ ውኃ ሲጠጣ ይላላል፤ ከመታጠቡ በፊት በ10 ሳ.ሜ. 22 ዓይን የነበረው 20 ሊሆን ይችላል። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊው፣ አትጭመቂው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚውና አንጥፈሽ አድርቂው። ገመድ ላይ ከሰቀልሽው በክብደቱ ይወርዳል፣ ልኩም ውሸት ይሆናል። በክረምት የእናንተ ሰፈር ብርድ ቶሎ አያደርቀውም፤ ቢሆንም ከሰል አጠገብ አታስጠጊው። አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ካውያ እንዳይነካው፤ ይሞትና ጨርቁ ይላሽቃል፣ አይመለስም።

ታጥቦ 20 ከወጣ ስሌቱ ይኸው። 64 ላይ ለመንቀሳቀሻ 8 ጨምሪ፣ 72 ሳ.ሜ.። በአንድ ሳ.ሜ. 2 ዓይን ስለሆነ 144፤ ለፊት 72፣ ለኋላ 72። ለመስፊያ በየጎኑ አንድ አንድ ሲጨመር 74 ይሆናል። የታችኛውን ላስቲክ ሁለት በሁለት (ሁለት ቀጥ፣ ሁለት ግልብጥ) ብትሠሪው 74 ልክ ይገጥማል፤ በአራት ሲካፈል ሁለት የሚተርፍ ቁጥር ነውና። በ22 አስልተሽ ቢሆን ኖሮ 158 ጀምረሽ 79 ሳ.ሜ. ይወጣልሽ ነበር። ሰባት ሳ.ሜ. ትርፍ ለልጅ ትከሻ ብዙ ነው።

የያዝሽው የአሠራር መመሪያ የግድ 22 ይላል? እጅሽን አታጥብቂ፤ ረድፍ ከረድፍ ይለያያል። መርፌውን ከ4 ወደ 3.5 ሚ.ሜ. ቀይሪና ሌላ ናሙና ሥሪ። በክብ መርፌ የምትሠሪ ከሆነ ናሙናውም በክብ ይሁን፤ ብዙ ሰው የግልብጡን ረድፍ ላላ አድርጎ ስለሚሠራ ወዲያ ወዲህ እየተመለሰ የተሠራው ናሙና ሌላ ቁጥር ይሰጥሻል።

ረድፉንም አትርሺ፣ በተለይ ለእጅጌው። በ10 ሳ.ሜ. 28 ረድፍ ካለሽ 28 ሳ.ሜ. እጅጌ 78 ረድፍ ነው። ከ40 ወደ 60 ዓይን ለማስፋት በየ7 ረድፉ ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ጨምሪ፤ አሥር ጊዜ ነው።

ናሙናውን ሳትተረትሪ በፊት መዝኚው። 15 በ15 የሆነው 9 ግራም ቢመዝን አንድ ግራም 25 ካሬ ሳ.ሜ. ይሸፍናል ማለት ነው። የዚህ ልጅ ሹራብ ከነእጅጌው 4,800 ካሬ ገደማ ስለሆነ 192 ግራም፤ አሥር በመቶ ጨምረሽ 50 ግራም የሆነውን አምስት ልቃቂት ግዢ፣ አራት አይበቃም። ወረቀቱን ልጠው የሚሸጡ ነጋዴዎች ያናድዱኛል፤ የቀለሙ ሎት (አብሮ በአንድ ጊዜ የተነከረ ክር) ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው። አምስቱንም ከአንድ ሎት ካልወሰድሽ፣ በኋላ መርካቶ ተመልሰሽ የምታመጪው ክር ያው ቀለም መስሎሽ ደረቱ ላይ መስመር ያወጣል።